ጭኑ ላይ የነበረው ነጥብ

ነጥቡ የለም። የዐወድን ጭን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ፣ ጎንበስ ብዬ አያለሁ፤ መስመሩም የለም። ረጅሙ መርፌ ተቀቅሎ ሳህኑ ላይ ይጠብቀኛል።

ትናንት ሁለቱም ነበሩ። መግሉ ከጡንቻው ሥር፣ አጥንቱ አጠገብ ስለተደበቀ ከላይ ቢዳብሱት አይገኝም። ከአዲስ አበባ የመጣው ዶክተር የአልትራሳውንዱን እጀታ ጭኑ ላይ እያንሸራተተ መግሉን በማሽኑ መስታወት አሳየኝ፤ በእስክሪብቶም ምልክት አደረገ። «ነጥቡ ላይ ውጊ። መስመሩ ትልቁ የደም ሥር ነው፣ እንዳትነኪው» አለኝ።

መጀመሪያ ራሱ ሊወጋው ነበር። ዐወድ ግን «እናቴ ከመንደር ሳትመጣ ብረት አይገባብኝም» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ዛሬ ጠዋት ዶክተሩ ማሽኑን ይዞ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ እናቱ ከዚያ በኋላ ደረሱ። ክልል ከሆንን ሁለት ዓመታችን ነው፤ ጤና ጣቢያችን አዲስ ታፔላ አለው፣ ራጅ ግን የለውም። ያለሁት እኔ ነርስ ጸሐይ ነኝ።

«ማን ነው ያጠፋው?»

እናቱ እማማ ሑስና አልጋው ሥር ከተቀመጡበት ቀና ይላሉ። አጠገባቸው ጆግ፣ ሳሙናና አንድ ቋጠሮ አለ። «እኔ አጠበ፣ ሐኪም። ከራስ እስከ እግር። ልጅ ብረት ስር ሲገባ ጣሂር ይሁን፣ ንጹህ ይሁን ብሎ።»

ከቋጠሮው የነጭ ጨርቅ ጫፍ ወጥቷል። የመገነዣ ጨርቅ ነው። ለሞቱም ተዘጋጅተው ነው የመጡት።

ዐወድ ይቃዣል፤ ትኩሳቱ ከአርባ አልፏል። ነቀምት የሁለት ቀን መንገድ ነው፣ እሱ ደግሞ ለነገም የሚደርስ አይመስለኝም። ፈርቻለሁ። ነጥቡን ስቼ የደም ሥሩን ብወጋ ደሙ እጄ ላይ ያልቃል፤ ብተወው መግሉ ይገድለዋል። ሐኪም ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ዛሬ ስሙ ከበደኝ።

«እናቴ፣ ቀለሙ ቶሎ ለቀቀ?»

«እምቢ አለ። በጣም እምቢ አለ። እኔ በድንጋይ ፈተገ፣ ፈተገ። ልጅ ጮኸ።»

የእጅ ባትሪዬን አብርቼ ከጎን አስጠጋለሁ። ድንጋዩ ቆዳውን የላጠው ቀለሙ በነበረበት ብቻ ነው። አንድ ረጅም ጭረት አለ፤ ከእሱ ሁለት ጣት ራቅ ብሎ ደግሞ ምስር የምታክል ቁስል።

«ቢስሚላህ ይበሉ፣ እናቴ።»

ይላሉ። እኔም በሆዴ የራሴን ጸሎት እላለሁ።

መርፌው ቁስሏ ላይ ይገባል። ሲሪንጁን ስቤ አያለሁ፤ ባዶ ነው። ጥቂት እገፋለሁ። እንደገና ስስብ ቀይ ክር ብቅ ይላል። የደም ሥሩ ይሆን? ቀስ ብዬ እስባለሁ። ከቀዩ ኋላ ወፍራም ቢጫ መግል እየተጎተተ ሲሪንጁን ይሞላዋል።

መርፌውን ስነቅል የተረፈው መግል በጭኑ ላይ ይወርዳል። ፋሻ እስካነሳ እማማ ሑስና አይጠብቁም። ነጩን ጨርቅ ከቋጠሮው መዝዘው በጥርሳቸው ይይዙታል፣ ጠርዙን ይቀድዱና የልጃቸውን ጭን ያብሳሉ።