ሰጎን የበላው ዘበኛ

«ሰጎኗንማ ዘበኛው ነው የበላት» አሉ እትዬ ዓይናዲስ እንደ ልማዳቸው፣ ድሮ የተዘጋውን የአእዋፍና የእንስሳት መናፈሻ አጥር ተደግፈው።

«ምነው፣ ቅርጫው ሳይደርስዎ ቀረ?» አለቻቸው የዘበኛው ልጅ ወለላ፣ ዓይኗን በአጥሩ ውስጥ ከሚካሄደው ቁፋሮ ሳትነቅል። ጎንደር ላይ እርኩስ ሥጋ በልቷል ከተባለ ሰው ጋር ማን ማዕድ ይቀርባል? አባቷ መናፈሻው ከተዘጋ ወዲህ ድግስ ሳይጠራ፣ ለብቻው ሲቆርስ ኖሮ ሞተ። ባለፈው ሳምንት ያወጣችለት የአርባው ጠላ እንኳ ከነጋኑ ቀረ።

ለአዲሱ ሕንፃ መሠረት የሚቆፍሩት ሰዎች ድንገት ዶማቸውን ጥለው አፈሩን በእጃቸው ይጠርጉ ጀመር። ወለላ አጥሩን ሾልካ ገባች። ጉድጓዱ ውስጥ የሰጎኗ አጥንት ከረጅም አንገቷ እስከ ጥፍሯ አንድም ሳይጎድል ተጋድሟል፤ አባቷ በገዛ ካፖርቱ እንደ ሰው ገንዞ ቀብሯት ነበር።