የመንታዎቹ ፎቶ

ያች ትንሽ የብራዚል ከተማ መንታ የሚፈላባት ናት። የከተማዋ ፎቶ አንሺ ግን ብቻውን የተወለደ ነውና መንታ ባየ ቁጥር ሳቁ ይመጣል። በየዓመቱ የመንታዎች በዓል ሲደርስ መንታዎቹን ለየብቻ በየተራ ያስቀምጣቸዋል፤ ቀድሞ የተቀመጠውን ያነሳል፣ ለሁለተኛው ግን ፍላሹን ብቻ ብልጭ ያደርግለታል። ፊልሙ ምን በወጣው! እግዜር ራሱ አንዱን ፊት ሁለቴ ካተመ፣ እሱ ቢደግመው ምን ነውር አለው? ጅሎቹም ጎን ለጎን የለጠፈላቸውን ድርብ ፎቶ መስታወት ውስጥ አስገብተው ሳሎናቸው ይሰቅሉታል።

ይህን በጀመረ በሃያኛው ዓመት፣ መንታ እህታቸውን የቀበሩት አሮጊቷ ሰቢና የአምናውን ፎቶ ይዘው መጡ።

«ለመቃብሯ የሚሆን የእሷን ብቻ ቁረጥልኝ፣ ልጄ።»

ሳቁን ዋጥ አድርጎ መቀሱን አነሳ። «የትኛዋን ልቁረጥልዎ?»

«የፈለግከውን ቁረጥ፤ ሁለቱም እሷ ናት።»

መቀሱ አየር ላይ ቀረ። «ያውቁ ነበር?»

«ከተማው በሙሉ ያውቃል። ፊልም መግዣ ቸግሮህ ይሆናል፣ እንዳናሳፍርህ ብለን ዝም አልንህ እንጂ፣ እኛማ በየዓመቱ እየተቀያየርን ነው ቀድመን የምንቀመጠው። አምና ተራው የእሷ ነበር።»