ቀዳሚ ፍቺው መቀርቀሪያ

የላቲን መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁት አዛውንት በሩ ከተቀረቀረ ወዲህ አልጋ ላይ አልተኙም። ወንበራቸው ላይ ሸለብ ያደርጋቸውና በትንሽ ኮሽታ ይባንናሉ። ጠረጴዛቸውን ከበሩ ጋር አጋጥመውታል፤ እግር መዘርጊያ እንኳ የለም።

ፊታቸው ያለው ካርድ «ክላውስትሩም» ይላል። የተገኘው «ዘጋ» ከሚለው ግስ ነው። ቀዳሚ ፍቺው መቀርቀሪያ፤ ቀጥሎ የተዘጋ ግቢ፤ በኋለኛው ዘመን ደግሞ ገዳም። ሦስተኛውን ፍቺ ሊጽፉ ሲሉ ብዕሩን መልሰው ያስቀምጡታል።

በሩ በቀስታ ተንኳኳ።

«አባባ፣ ነቅተዋል?» አለች ልጃቸው ከበሩ ወዲያ።

«ነቅቻለሁ።»

«መኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳል። ሻንጣው ተዘጋጅቷል። ገዳሙም ቦታ ሰጥቷል፤ አሁን ይቅር ቢባል ነውር ነው።»

«ከዚህ ቤት ወደ ገዳም የሚሄድ ሰው የለም።»

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያስፈራዎት?»

የዚያ ገዳም ሥርዐት ጽኑ ነው፤ የገባ አይወጣም፣ ዘመድም አይጠይቀውም። መኪናው ሰው ይዞ ከተነሣ አባትና ልጅ በዚህ ዓለም ዳግመኛ አይተያዩም።

«ቃሉን መርምሬዋለሁ» አሉ አዛውንቱ። «መነሻው የበር ብረት ነው። መቆለፊያ ነው ልጄ፣ መቆለፊያ።»

«እሱ የላቲኑ ነዋ። በግእዝ ገዳም ማለት ምድረ በዳ ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ? ምድረ በዳ ደግሞ ምን በር አለው?» ሣቅ አለች። «ለነገሩ በር ቀርቅሮ ስለ መቆለፊያ ክፋት መስበክ ያምርብዎታል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አብረዋት ይሥቁ ነበር።

«እናትሽ ብትኖር እንዲህ አትጨክኚብኝም ነበር።»

«እማማ ብትኖር ይሄን በር ትከፍተው ነበር።»

ስድስት ሰዓት ላይ ከታች ክላክስ ተሰማ። ልጅቱ በሩን በትከሻዋ ገፋችው፤ የካርዶቹ ሣጥን ወድቆ ቃላቱ ወለሉ ላይ ተበተኑ። አዛውንቱ ጠረጴዛውን በደረታቸው ደግፈው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«አባባ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው ይክፈቱ።»

ክላክሱ ሁለት ጊዜ ደገመ። ከዚያ የመኪናው ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ከበሩ ወዲያ የታፈነ ለቅሶ ተሰማ።

አዛውንቱ ጠረጴዛውን ወደ ኮሪደሩ ግድግዳ መለሱና፣ ልጃቸውን ከነሻንጣዋ የዘጉባትን የመኝታ ቤት መቀርቀሪያ ከውጭ ከፈቱት።