የዶክተር ራቢያ ክኒን

ሀጅራ ክኒኗን ከምላሷ ስር ሸሸገችና ውሃውን ጭልጥ አደረገችው። አሠሪዋ ዶክተር ራቢያ የወጥ ቤቱን በር ተደግፋ ታያታለች።

“ዋጥሽው?”

“ዋጥኩት ማዳም።”

ማዳም ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። የመኪናው ድምፅ ሲርቅ ሀጅራ መጸዳጃ ቤት ገብታ ቢጫዋን ክኒን ተፋቻትና ውሃ ለቀቀችባት። ከረመዳን ወዲህ በየጠዋቱ የምታደርገው ይህንኑ ነው።

ዶክተር ራቢያ ክፉ አሠሪ አይደለችም። አትጮህም፣ ስልክ አትነጥቅም፣ ጁምዓ ጁምዓ ሀጅራን በራሷ ሾፌር ጉበይራ ወደሚኖረው ባሏ ትልካታለች። ሪያድ ውስጥ ስንቷ ሠራተኛ ተስላ ያጣችው ቤት ነው። ደግነት ሲበዛ ግን ያስፈራል፤ ሀጅራንም ያስፈራት ይኸው ነው።

ነገሩን ያነሳችባት አፊፋ ናት። አፊፋ ከሀጅራ ባል ከቶፊቅ ክፍል ጎን፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተከራይታ የምትኖር የወሎ ልጅ ናት፤ ዑለያ ውስጥ ዶክተር ራቢያ የምትሠራበትን ሕንጻ ታጸዳለች።

“እህቴ፣ ማዳምሽ እኮ እንዲሁ ሐኪም አይደለችም” አለቻት አንድ ጁምዓ። “አዲስ የእርግዝና መከላከያ ሰው ላይ ትሞክራለች። ታዲያ የሳዑዲ ሴት ላይ የምትሞክር ይመስልሻል?”

ሀጅራ ሳቀች። ሳቋ ግን ማዳም ቤት ድረስ አልዘለቀም።

ከቶፊቅ ጋር ኒካሕ ካሰሩ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው፤ ልጅ የለም። “ከአገር ቤት እየደወሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጡኝ” ብሏታል። “ለአረፋ ካላረገዘች ሌላ አግባ ነው የሚሉት።” ሲነግራት አልተቆጣም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አንገበገባት።

ከዚያ ማዳም የወር አበባዋ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀቻት። በማግስቱ ክኒኑን አመጣች። “ይጠቅምሻል፣ ዋጪ” አለቻት እንጂ ምን እንደሆነ አልነገረቻትም።

አንድ ቀን መጋረጃ ስታወርድ ማዳም በስልክ ስታወራ ሰማች። ከዚያ ሁሉ ዓረብኛ ሁለት ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረ፤ “ሐበሺ” እና “ተጅሩባ”። ተጅሩባን የማታውቅ ሠራተኛ የለችም። አዲስ የመጣች ልጅ ተጅሩባ ላይ ናት ይባላል፤ ተሞክራ ካልተወደደች እንደ ዕቃ ትመለሳለች። ሀጅራ ግን የሙከራ ጊዜዋን ከጨረሰች ቆይታለች። ታዲያ አሁን ምኗን ነው የሚሞክሩት?

በጁምዓው ሁሉንም ለቶፊቅ ዘረገፈችለት። ቶፊቅ ሱለይ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲሸከም ከርሞ ትከሻው ታሟል፤ ቅባት ተቀብቶ በካናቴራ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል። ልታሽለት እጇን ሰደደች።

“ተይ፣ ሳይደርቅ አትንኪው!” አለች ጨው ልትበደር የገባችው አፊፋ።

ቶፊቅ ፊቱ ተለዋወጠ። “ክኒኑን እንዳትውጪ። ግን ቤቱን ጥለሽ እንዳትወጪ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ኢቃማሽ፣ እጇ ላይ ነው። ክሊኒኳ ሄደሽም እንዳትጨቃጨቂያት። ባለፈው ያን ሁሉ ሰው በተርሒል ጠርዘው ሲመልሱት አላየሽም?”

“በክሊኒኩ በር ላይ የጀዋዛት፣ የኢሚግሬሽን ፖሊስ አይጠፋም” አለች አፊፋ። “እኔ እንኳ መታወቂያ ይዤ በፍርሃት ነው የምገባው።”

ማክሰኞ ዕለት ማዳም ስልኳን ረስታ ሄደች። ሾፌሩ አብዱረሂም ሊወስድላት ሲመለስ ሀጅራ ዓባያዋንና ኒቃቧን አጥልቃ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። “እኔው እሰጣታለሁ፣ ያላ ንዳ” አለችው። ፈርታለች፤ ግን መካን ሆኖ ከመቅረት ተርሒል ይሻላል ብላ ቆርጣለች።

በሩ ላይ ምንም ፖሊስ አላየችም። የማዳም ቢሮ ገብታ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አኖረችና ዓይኗን በጨው አጥባ ጠየቀች።

“ማዳም፣ ለምን ማህፀኔን ትዘጊብኛለሽ? ተጅሩባውን እኔ ላይ ነው የምትሠሪው?”

ዶክተር ራቢያ መነጽሯን አወለቀች። “ማነው እንዲህ ያለሽ?”

“በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ‘ሐበሺ’ ብለሻል።”

“ሐበሺ ብያለሁ። ሐበሺያ ብያለሁ?”

ሀጅራ ዓረብኛን የተማረችው ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ለእሷና ለጓደኞቿ ወንዱም ሴቱም ሐበሺ ነው።

“የምንሞክረው መድኃኒት የወንድ ነው፣ ሀጅራ፤ ትከሻ ላይ የሚቀባ። ከአገርሽም ሰዎች አሉን። ሁሉም ወደው ነው የሚመጡት፣ ያውም ከነሚስቶቻቸው። ሚስት ካልተስማማች አንድም ወንድ አልቀበልም።”

“ክኒኑስ?”

“ቪታሚን ነው። ልጅ እፈልጋለሁ ብለሽ አልቅሰሽብኝ አልነበር? ከእርግዝናው በፊት ሲወሰድ ለጽንሱ ይጠቅማል።”

ሀጅራ ውሃ የለቀቀችባቸው ክኒኖች ትዝ ሲሏት በእፍረት መሬት ብትውጣት ወደደች። ስንት ጁምዓ አምታታለች፣ ስንት ሌሊት ረግማታለች! ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

“ኸላስ፣ በቃሽ” አለቻት ማዳም። “ባልሽን አምጪው፤ ሁለታችሁንም እመረምራለሁ። ኢንሻአላህ ትወልጃለሽ።”

ሀጅራ እየበረረች ወጣች። የመጠበቂያው አዳራሽ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ ቶፊቅን ዛሬውኑ ሥራ ትቶ እንዲመጣ ልትለምነው ስልኳን አወጣች። ከፊቷ ባልና ሚስቶች ጀርባቸውን ሰጥተዋት ጥንድ ጥንድ ሆነው ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ሁሉ እንደ እሷ ተሸፍነዋል።

ፊሊፒናዊቷ ነርስ በር ከፍታ ተጣራች።

“ቶፊቅ! ባለቤቱ ሀጅራ!”

ማዳም እንዴት ፈጠነችልኝ ብላ ሀጅራ ብድግ አለች።

“ነዐም፣ መጣን” አለች ከፊት ወንበር፣ ከቶፊቅ ጎን የተነሳችው አፊፋ።