ሁለተኛው የወረቀት ሰው

እናቴ ለበዓል ቤቱን በወረቀት ሰዎች ታስጌጣለች። ረጅም ወረቀት ደራርባ ታጥፍና አንዴ ብቻ ትቆርጣለች፤ ስትዘረጋው እጅ ለእጅ የተያያዙ አራት ሰዎች ይወጣሉ፦ እሷ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እኔና እህቴ። አብረው ስለሚቆረጡ አንዱ ከሌላው አይለይም።

ዘንድሮ ስትዘረጋው ሁለተኛው ሰው፣ ወንድሜ መሆኑ ነው፣ ተነጥሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሁለቱም እጆቹ የሉም።

«መቀሱ ዶልዱሞ ይሆናል» አለች እህቴ።

«መቀሱስ እንዳንቺ ምላስ ነው» አለች እናቴ፤ ሌላ ወረቀት አጥፋ ቆረጠች። ያው ሰው እንደገና ወደቀ።

ወንድሜ ለበዓሉ ወደ ቤት ሊመጣ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ ነው።

«እስቲ ደውልለት» አለችኝ እናቴ። ስልኩ ይጠራል፤ አያነሳም። «አሁንም ደውል» አለችኝ፤ መቀሱን ከእጇ አላስቀመጠችም።

አመሻሹ ላይ በሩ ከታች በኩል ተመታ።

«ክፈቱልኝ እንጂ» አለ የወንድሜ ድምፅ።

እህቴ ሮጣ ከፈተች። «ምን ተሸክመህ ነው በእግርህ የምታንኳኳው?» አለችው እየሳቀች።

ምንም አልያዘም። ሁለት እጆቹን ኮቱ ኪስ ከቶ ፈገግ ብሏል።

«እሰይ የኔ ልጅ፣ እጅህን ስጠኝ» አለች እናቴ።

«በርዶኛል፣ እማዬ።»

ልታሞቀው ክንዱን ጨበጥ አደረገች። ከጣቶቿ ሥር ወረቀት ሲጨማደድ ሁላችንም ሰማን።