የወይዘሮ አጸደ ጃንጥላ

አንድ የቪዲዮ ሠዓሊ ትልቅ ስክሪን በዐውደ ምሕረቱ ላይ ከተከለ ወዲህ፣ ሰው ስለቱን ሲያስገባ፣ በተሳለበት ሰዓት በልቡ የነበረው ሁሉ ለምእመኑ ይታያል። ስለዚህ በንግሥ ቀን ከስለት አስገቢው ይልቅ ተመልካቹ በዝቷል።

አቶ ተድባበ ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው ነውና፣ ሚስቱ አጸደ የከፋይ ጃንጥላዋን ስታስረክብ ከዘራውን ተደግፎ ከፊት ቆመ።

“ባሌን ማርልኝ ብዬ የተሳልኩት ነው” አለች ዕንባዋን እየጠረገች።

ስክሪኑ በራ። አጸደ ጥቁር ልብስ ለብሳ መስታወት ፊት ትዞራለች። “ጥቁር እንደሁ አያምርብኝ፤ ዓመት ሙሉ እንዴት እለብሰዋለሁ?” ይላል ልቧ በድምፅ ማጉያው።

እልል ሊል የተከፈተው አፍ ሁሉ በነጠላ ተሸፈነ።

ተድባበ አልተቆጣም። “እኔም ታምሜ ሳለሁ ስላንቺ ተስያለሁ፤ ለከርሞ አስገባለሁ” አላት ረጋ ብሎ።

“ምን ብለህ?”

“ስክሪኑ ይነግርሻል።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጸደ ማታ ማታ እግሩን በለብታ ውኃ ታጥባለች። ለወንድሟ ስታስቀምጥ የኖረችውን የዶሮ ፈረሰኛም ለእሱ ታወጣለች። ተድባበ ግን ምንም አልተሳለም። ፈረሰኛውን እየጋጠ “አምላኬ፣ ከርሞን አርቅልኝ” ይላል፤ በዕድሜው ከልቡ የጸለየው ይህን ብቻ ነው።