ነዳጅ ሰጪዋ አማት

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰው በማያልፍበት የጥርጊያ መንገድ፣ አንድ ሾፌርና አማቱ ከቆመች መኪናቸው አጠገብ ነበሩ። ሚስቱ ጠዋት የመጀመሪያ ልጃቸውን ወልዳለች፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ ጠያቂ የሚያስገባው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የነዳጅ መስጫው ሽቦ ተበጥሷል።

እስከዚያ ድረስ ከአማቱ አፍ የወጣው "ቀስ በል" ብቻ ነበር። አሁን ግን የሕፃኑን ልብስ ያሰሩበትን ሲባጎ በጥርሳቸው ፈትተው ሰጡት። አንዱን ጫፍ ከሞተሩ ጋር አስሮ ሌላውን በመስኮት አሳለፈና እጃቸው ላይ አስያዛቸው።

"ሲስቡት ነዳጅ ይሰጣል፣ ሲለቁት ይቀንሳል። በቀስታ ነው ታዲያ፣ እማማ።"

"ሰባት ልጅ ላሳደግኩ ሴት ገመድ መሳብ ልታስተምር ነው?"

ዳገቱ ጋ ሲደርሱ ሲባጎውን በሁለት እጃቸው ጠቅልለው ሳቡት። መኪናዋ እንደ ተፈታ ወይፈን ፈረጠጠች።

"እማማ፣ ኧረ ይልቀቁ!"

"አንተ መሪህን ያዝ። ልጄ እየጠበቀችኝ ነው።"

በፍርሃት ዞር ብሎ አያቸው። ልጃቸውን ካገባ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን በፊቱ ስቀው የማያውቁት ሴት እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። እሱንም ሳቅ አሸነፈው።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የጤና ጣቢያው ዘበኛ በሩን ከፈተላቸው።